ጨርቁ የት ይሰጣ?

ጠዋት፣ ካንሳንጋ

ከምኖርበት ካንሳንጋ ወደ ማኪንድዬ ሰፈር የሄድኩት ለማስተርጎም ነው። የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች ስለ ወር አበባ ሊያስተምሩ ነው፤ ከአገራችን የመጡት ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛው ገና አልገባቸውም። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ጨንቆኛል። ከመንገድ ዳር ሮሌክስ፣ ያው በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ገዝቼ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣሁ። ዳገቱን ስንጨርስ ነጭ ጫማዬ በአቧራ ቀልቷል።

ረፋድ፣ ማኪንድዬ

ልጆቹ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ናካቶ የምትባለው የሕክምና ተማሪ እየታጠበ የሚደረግ የጨርቅ ሞዴስ ከፍ አድርጋ አሳየች። እሷ ብዙ ስትናገር እኔ አንገቴን ደፍቼ በሁለት ቃል እጨርሳለሁ።

«ያንቺ ምነው አጠረ?» አለችኝ እየሳቀች።

አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ደሙን ደም እያልኩ ተረጎምኩ፤ ልጆቹም ቀና አሉ።

«ካጠባችሁት በኋላ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ» አለች ናካቶ። «እርጥቡ ያሳክካል፣ ሊያሳምማችሁም ይችላል።»

ትምህርቱ ሲያልቅ ሳሮን የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። ካንሳንጋ ከአጎቷ ጋር ነው የምትኖረው። በየወሩ እንደምትቀርና እንዲህ ከቀጠለች ክፍል እንደምትደግም አስተማሪዋ ነግራኛለች።

«እትዬ፣ እኔ የት ላስጣው?»

«ግቢያችሁ ገመድ የለም?»

«አለ፤ ግን ወንዶቹ ቁጭ የሚሉበት ፊት ለፊት ነው። ፍራሽ ሥር ነው የማደርገው። አይደርቅም። እርጥቡን አድርጌ እንዴት ልምጣ?»

ለናካቶ ነገርኳት። «ሞዴሱን ይዘን መጣን እንጂ ማስጫውን አላሰብንበትም» አለች።

ልጅቷ አሳዘነችኝ። «እኔ ፎቅ ላይ በረንዳ አለኝ፤ ቅዳሜ አጥበሽ ይዘሽ ነይ። ለአጎትሽ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት።

«ወንድ የለም?»

«ከእኔ በቀር ማንም የለም።»

ከሰዓት፣ ቤት

እንደገባሁ ለሳሮን ቦታ ላዘጋጅ በረንዳ ወጣሁ። ጠዋት ያሰጣሁት አንሶላ ደርቋል። ሳነሳው ከሥሩ የራሴ የውስጥ ልብሶች ተደርድረዋል፤ አልደረቁም። የምኖረው ብቻዬን ነው፣ በረንዳዬን የሚያይ ጎረቤት እንኳ የለኝም። ከማን ነው የደበቅኳቸው? ሁሌም እንዲህ እንደማሰጣ ልብ ብዬ አላውቅም። ለልጆቹ ጮክ ብዬ የተረጎምኩትን እኔው አልሰማሁትም ለካ።

አንሶላውን አጣጥፌ አስገባሁና ልብሶቼን እንደገና ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ቅዳሜም አላነሳቸውም፤ ሳሮን ስትመጣ ተሰጥተው ትያቸው።