ባቡር መቀስ ስትይዝ

እጅጌውን ከጃኬቱ ደረት ጎን ስታስቀምጠው ክው አለች። ጨርቁ ያው ከፋይ፣ ጥቅልሉም ያው፤ ደረቱ ግን ደማቅ ቀይ፣ እጅጌው የደበዘዘ። ጨርቅ ልቆጥብ ብላ የእጅጌውን ንድፍ ዘቅዝቃ ቆርጣለች። በሌላ ጨርቅ ቢሆን ብልህነት ነው። ከፋይ ግን ጠጉር አለው፤ ጠጉሩ ሽቅብ ሲተኛና ቁልቁል ሲተኛ ቀለሙ ይለያያል። አንድ ሆቴል ያዘዘው የሁሉም ጃኬት እጅጌ ተዘቅዝቋል።

በስፌት ቤቱ «ባቡር» ይሏታል፤ ማሽን ላይ ከተቀመጠች የሚደርስባት የለም። ለዚሁ ፍጥነቷ ሲል የቀድሞው አለቃ ወጣትነቷን እዚያው ወንበር ላይ ቸንክሮ አስቀረው። «ባቡር ከሐዲዱ ከወጣ ይገለበጣል» እያለ ይስቅባት ነበር። እንዲህ ያለውን አለቃ ማለት ቃሉን ማዋረድ ነው! ጉልበቷን ይፈልጋል፣ ማደጓ አይገደውም። ንድፍ ያስተማረቻት፣ መቀሱንም ያስጨበጠቻት አዲሷ ኃላፊ ናት። ይህ ደግሞ ባቡር የቆረጠችው የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው። ዛሬ ከወደቀች መቀሱን ዳግመኛ አታየውም።

ልብስ ተኳሹ ከካውያው ቀና አለ።

«ዝም በይ እቴ! ጥፋቱ ሰፊዎቹ ላይ ይላከካል። እዚህ ቤት እውነት ተናግሮ ማን ተሾመ?»

የስፌት ቤቱ ባለቤት በር ላይ ደረሱ። ባቡር ቀጥ ብላ ኃላፊዋ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ፣ እጅጌውን ዘቅዝቄ ቆርጬዋለሁ። ሁሉንም።»

ኃላፊዋ ጨርቁን ዳበሰችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ባለቤቱ ሰምተዋል።

«ይቺን ነው መቀስ ያስያዝሽው? አሁኑኑ ወደ ማሽኗ!»

«የከፋይን ጠባይ ሳላሳያት የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ጥፋቱ ከእኔ ይጀምር።» ወደ ባቡር ዞረች፤ ድምፅዋ አልለሰለሰም። «አንቺም አልጠየቅሽም። የተረፈው ጨርቅ ለእጅጌዎቹ ልክ ልክ ነው። አንድ ከሳትሽ አለቀልን። ትቆርጫለሽ?»

«እንዴ! አሁንም እሷ?» ጮኹ ባለቤቱ።

«ስለነገረችን መቀሱን ከነጠቅናት፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ጥፋቱን ይደብቀናል።»

ባቡር ላብ ያጠመቀውን እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጠጉሩን በመዳፏ አስተኛችው። ንድፉን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ እንደገና አስቀመጠች።

«እትዬ፣ እዪልኝ።»

ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። ባለቤቱም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቁረጪ» አለቻት።

እንደ ባቡር አልነበረም፤ እንደ ኤሊ ቆረጠች። የመጨረሻውን እጅጌ ከደረቱ ጎን ስትዘረጋው ቀለሙ አንድ ሆነ። ባለቤቱ እጅጌውን ገልበጥ አድርገው አይተው ወጡ።

«ምርቃት ጠብቀሽ ነበር?» አለች ኃላፊዋ። «ነገ በሆቴሉ ሱሪዎች ትቀጥያለሽ። ከመቁረጥሽ በፊት ግን ጥሪኝ።»