ስእለቱ ሳይደርስ የተገዛ ጥላ

መንገድን ለእግር፣ እግርንም ለመንገድ የሚያዘጋጅ፣ ማልዶ የሚያነቃን፣ ሲመሽም በደኅና የሚያስገባን የእግዚአብሔር ስም አስቀድሞ የተመሰገነ ይሁን። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወጥቼ የተመለስሁበትን ጉዞ እነሆ ለአንባብያን እጽፋለሁ።

የጉዞዬ ምክንያት ታላቅ እህቴ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። በደባርቅ ዳርቻ፣ በአባታችን ቤት ብቻዋን ትኖራለች። እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በጎንደር ብቻዬን ነኝ። «እህቴን ላምጣት ወይ?» ብዬ ሱባኤ ገባሁ፤ በመጨረሻውም «አምጣት» የሚል ቃል በልቤ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ተሳልሁ፦ እሺ ብላ ከእኔ ጋር ብትወርድ፣ ሁለታችንም ክርስትና ለተነሣንበት ለደባርቁ ሚካኤል ባለወርቅ ዘርፍ ጥላ ላስገባ። እሺ እንደምትል ስላልተጠራጠርሁ ጥላውን አስቀድሜ ገዛሁ። በቤቴ የምታርፍበትንም ክፍል ኖራ አስቀባሁ።

ዓርብ፣ ንጋት፤ ጎንደር

መናኸሪያው ገና ጭጋግ እንደ ለበሰ ነው። ረዳቶች «ደባርቅ! ዳባት! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ፤ ሚኒባሱ ግን ባዶ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሩን ጠይቄ ከፊት ወንበር ተቀመጥሁ። ጥላውን በነጠላ ጠቅልዬ በጉልበቴ መካከል አቆምሁት።

«አባቴ፣ እሱን ከላይ እንሰረው» አለኝ ረዳቱ።

«የሚካኤል ነው ልጄ፤ ከላይ አይታሰርም።»

«እንግዲያው ሚካኤልም የወንበር ይክፈላ። የሰው ቦታ ይዟል።»

ሾፌሩ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። «ዝም በል አንተ። ገደሉ ጋ ስንደርስ ማንን ልትጠራ ነው?» አለው፤ ተሳፋሪው ሳቀ።

ወለቃን ስናልፍ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። በልጅነታችን በዚህ አገር ሸክላ ይሠሩልን የነበሩት ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ እናታችንም እንስራዋን ከእነርሱ ነበር የምትገዛ። አሁን አገራቸው ሌላ ነው። ባለፍሁ ቁጥር ዐይኔ ይፈልጋቸዋል።

አምባ ጊዮርጊስ ሳንገባ ጎማ ተነፈሰ። ወርጄ ከመንገዱ ዳር ቆምሁና፣ «መልካም ሥራ ያለ ፈተና አይሆንም» አልሁ።

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ቀና ብሎ፣ «ምን አሉኝ አባ?»

«ጠላት መንገዴን ሊያሰናክል ነው አልሁ።»

ጎማውን አገላብጦ ዳሰሰና፣ «አባ፣ ሚስማር ነው» አለኝ።

ብዙም ሳንቆይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ክሪክ አዋሰን። እኔም በልቤ፣ «እነሆ ረዳት ላከልኝ፤ ፈቃዱ መሆኑ በዚህ ታወቀ» አልሁ።

ዓርብ፣ ከቀትር በፊት፤ ዳባት

ተሳፋሪው ለምሳ ወረደ። ሽሮው እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ተመጋቢው ስለ ሽሮው ዋጋ ያጉረመርማል፣ ይበላልም። ጾሜን የምገድፍበት ሰዓት አልደረሰምና ጥላዬን ይዤ ወደ ገበያው ሜዳ ዘወር አልሁ። የገብስና የባቄላ ጆንያ፣ የበግ ድምፅ፣ በቆርቆሮ የተሸፈኑ አዳዲስ ሱቆች።

በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ለቅኔ ትምህርት ስወጣ፣ እትዬ የሸኘችኝ እስከዚህ ሜዳ ነበር። ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም። «ሂድ፤ የተጠራ ሰው አይያዝም» ብላኝ ተመለሰች። ጥቂት ሄጄ ዞር ስል እርሷም ዞር ብላ አገኘኋት። ሁለታችንም አፍረን መንገዳችንን ቀጠልን።

ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፤ ደባርቅ

ደባርቅ እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችኝ። ወደ ተራራው፣ ወደ ጊች የሚወጡ በቅሎዎች የጎብኚ ጓዝ ተጭነው ቆመዋል፤ ባጃጆች በመካከላቸው ይሽሎከሎካሉ። በአንዱ ተሳፍሬ ከአባታችን ደጅ ወረድሁ።

እትዬ ጉንጬን ስማ ስትጨርስ የጠቀለልሁትን ዳሰሰችው። «ዣንጥላ? ዝናቡ ከወጣ በኋላ?»

ቤቱ እንደ ነበረ ነው። የእናታችን እንስራ ዛሬም ከጓዳው በር ተቀምጧል፤ አንገቱ ተሸርፏል እንጂ። እራት ከበላን በኋላ ሱባኤዬን፣ ስእለቴን፣ የተቀባውን ክፍል አንድ በአንድ ነገርኋት። ጋቢዋን ተከናንባ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ነገ እንነጋገራለን። መንገደኛ ይተኛ» አለች።

ቅዳሜ

ማልጄ ጥላውን ይዤ ወደ ሚካኤል ሄድሁ። ቄሰ ገበዙ የልጅነት ጓደኛዬ ናቸው። ጥላውን ዘረጉት፤ ዘርፉ በጠዋት ፀሐይ አብረቀረቀ።

«ሥራው ያማረ ነው። መሪጌታ፣ ስእለቱ መቼ ደረሰ?»

«ገና ነው፤ ይደርሳል።»

መልሰው አጠፉት። «እኔ የማውቀው ሲደርስ ሲገባ ነው። እግዚአብሔርን በቀብድ ሊይዙት ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ስጦታ ነው ብለው ይቀበሉኝ።»

«ስጦታ ከሆነማ፣ እህትዎ ብትሄድም ብትቀርም የሚካኤል ነው። እንደዚያ ብለው ይሰጡኛል?»

ይህን ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ጥላውን ጠቅልዬ ተመለስሁ።

እትዬ ከደጅ ተቀምጣ ብቅል ታሰጣለች። ስታየኝ ገባት። «አልተቀበሉህም?»

«አልተቀበሉኝም።»

«ቁጭ በል። ‹አምጣት› ያለህ በማን ድምፅ ነው?»

የጥላውን መጠቅለያ አጠበቅሁ።

«ቤት ባዶ ሲሆን ያስተጋባል፣ ወንድሜ። የራስህን ድምፅ መልሶልህ እንዳይሆን።»

የመንገዱን ነገር፣ የጎማውንና የክሪኩን ምልክት ነገርኋት። ብቅሉን ትታ ሳቀች። «ጎማው ሲተነፍስ ፈተና፤ ሲጠገን ፈቃዱ። እንግዲህ እግዚአብሔር እንቢ ሊልህ ቢፈልግ በየት በኩል ይበልህ?»

ዕድሜዬን ሁሉ ምሥጢር ስፈታ የኖርሁ ሰው ጥያቄውን ወደ እርሷ መለስሁት። «አንቺስ ጠይቀሽዋል?» አልኋት።

«ከዓመት በፊት ጀምሬ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን ምንም አላለኝም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም ካልተባልሁ የትናንቱን እሠራለሁ። የማርያምን ጽዋ ከጎረቤቴ እጅ ተቀብያለሁ፤ የሚቀጥለው ማኅበር በእኔ ቤት ነው። ጠላዬን እጠምቃለሁ፣ ዳቦዬን እደፋለሁ። ጽዋውን ለባለተራው ሳስረክብ ደግሞ እጠይቀዋለሁ። አንተም ጠይቀው፤ ግን ዕቃ ሳትገዛ።»

ብቅሉን በእጇ ዘርግታ ጨረሰችና፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ እንድወርድ ጠየቅኸው። አንተ እንድትወጣስ ጠይቀኸዋል?» አለችኝ።

አልጠየቅሁም። በሱባኤዬ ሁሉ ይህ ጥያቄ በአፌ አልዞረም። በጎንደር ፀሐይ የሚገባበት ቤት አለኝ፤ ባለቤቴን የቀበርሁበት ደብር ከደጄ ነው። «ውጣ» ብሎ ይመልስልኛል ብዬ ፈርቼ ሳልጠይቅ ቀርቼ እንደ ሆነ አሁንም አላውቅም።

እሑድ፤ መልስ

ከቅዳሴ በኋላ ጥላውን ይዤ ወደ ቄሰ ገበዙ ቀረብሁ። እትዬ ከኋላዬ ቆማለች።

«ብትሄድም ብትቀርም የሚካኤል ነው» አልኋቸው።

ጥላውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እጄ ምን እንደሚይዝ ግራ ገባው።

እትዬ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ፣ «ጥርስህ ይችለው እንደሆነ» ብላ ሰጠችኝ። መኪናው ሲነሣ በመስኮት ዞር ብዬ አየኋት። በዚህ ጊዜ አልዞረችም፤ ጌሾ ወደምትገዛበት ሱቅ እየታጠፈች ነበር።

ያው ሾፌር ነው። «አባ፣ ሚካኤል የት ወረደ?» አለኝ።

«ቤቱ ገባ።»

«ጎሽ። ዛሬ እግርዎን ይዘረጋሉ።»

በዳባት አልወረድሁም። ሜዳው በመስኮት አለፈ፤ ዳቦ ቆሎውን አንድ በአንድ በአፌ እያሟሟሁ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ደረስሁ። ጎማው አልተነፈሰም፤ ይህንም ምልክት ነው አላልሁም።

ጎንደር ስገባ መሽቶ ነበር። የእህቴ ክፍል አዲስ ኖራ ይሸታል። ከባዶው ወለል ተንበርክኬ፣ ሳልጠይቀው የቀረሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት። ምንም አልተባልሁም። ስለዚህ በማግሥቱ የትናንቱን ሠራሁ፤ ጸሎቴን አደረስሁ፣ ደጄን ጠረግሁ፣ የታመመ ጎረቤቴን ጠየቅሁ። ለጽዋው ቀን እወጣለሁ፤ ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ልመናችሁን የሚሰማ አምላክ እሺታውንና እንቢታውን ለይታችሁ የምትሰሙበትን ጆሮ ይስጣችሁ። ዝም ባለም ጊዜ የትናንቱን ሥራ ከእጃችሁ አያስጥላችሁ። በቤታችሁ ያለውን ባዶ ክፍል እርሱ በወደደው ሰው ይሙላው፤ የወጣውን ያስገባላችሁ፣ ያለውን ያኑርላችሁ። አሜን።