ያልተመዘገበችው ግሌንዳ

ግሌንዳ ከባሏ ጋር ከእንግሊዝ ከተማ ከበርንሊ ተነሥታ ስፔን ውስጥ ከአሊካንቴ በላይ ወዳለችው መንደራችን ስትመጣ፣ መጀመሪያ በራቸውን ያንኳኳው ኖርማን ነበር። እሱም እንደኛ እንግሊዛዊ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ። የአገር ቤት ሻይ ቅጠልና ምክር ይዞ መጣ።

«ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ እንዳትመዘገቡ። ስማችሁን ካገኙት ግብር ይከተላል። እኛን እዚህ የሚያውቀን የለም፤ እንደ ንጉሥ ነው የምንኖረው።»

በመካከላችን ይህ እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሣሩ ላይ ኳስ ካንከባለልን በኋላ ቡና ቤት ተቀምጠን፣ ማን ስንት ዓመት ሳይመዘገብ እንደኖረ እንፎካከር ነበር። ኖርማንን የሚያህል አልነበረም።

ባሏ ሲሞት ግሌንዳ አልተመለሰችም። የበርንሊውን ቤት ሸጠው ነው የመጡት፤ ሌላ ቤት የላትም።

ከዚያ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች። እዚህ ይኖር እንደነበር በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ያስመሰከረ የመኖሪያ ካርድ ያገኛል፤ ያላስመሰከረ በየስድስት ወሩ ከሦስት ወር በላይ መቀመጥ አይችልም ተባለ።

«ኖርማን፣ ልመዝገብ እንዴ?»

«ተይ አንቺ ደግሞ። እኛን ካባረሩ ቢራውን ማን ይጠጣላቸዋል? ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

ጠበቀች። ቀነ ገደቡ አለፈ።

አንድ ጧት ጉልበቷን ልትታይ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ኖርማን ከፊቷ ተሰልፏል። ከቦርሳው የሕክምና ካርድ መዘዘ። ያ ካርድ ላልተመዘገበ ሰው አይሰጥም።

«መቼ ነው የተመዘገብከው?»

«እንደመጣን። ባለቤቴ ስኳር አለባት፤ ሐኪም ያስፈልጋት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስፎክር ኖሬ በምን አፌ ልመልሰው?»

«እኔ ሰው ፊት አልጠየቅሁህም። ወጥ ቤቴ ቁጭ ብለህ ሻዬን እየጠጣህ ነው የጠየቅሁህ።»

ኖርማን ተራው ደረሰና ገባ።

ያማከረችው ጠበቃ አንድ ቀዳዳ አሳያት፤ ያልተመዘገቡት ብዙ ከሆኑ በጋራ ቢያመለክቱ ይሰሟቸው ይሆናል። ሐሙስ ዕለት ወረቀት ይዛ ቡና ቤት መጣች። ኖርማን አልነበረም።

«እሱ ዋሽቶናል፤ ይሁን» አለች። «የቀረነው አብረን እንፈርም። ማን ይጀምር?»

ብዕሩን ማንም አላነሣም። አንዱ ብርጭቆውን አዞረ፤ ሌላው ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የመኖሪያ ካርዴ ከወጣ ዓመት ሆኖት ነበር።

ግሌንዳ አንድ በአንድ አየችን።

«ሁላችሁም?»

ወረቀቱ ላይ ስሟን ብቻዋን ጻፈች፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ወጣች። በሚያዝያ ከስፔን ለቃ ስትሄድ ሻንጣዋን እናድርስልሽ ብለን ደጇ ቆመን ነበር። ታክሲ ጠርታ ኖሮ በመካከላችን አልፋ ታክሲው ውስጥ ገባች።