እሳት የቻለው ቱቦ
በዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ አንድ መሐንዲስና ሐጃ እናቱ ቤት በቤት ሠራተኝነት እያደርኩ እሠራ ነበር። የማያገባኝን ሳልጠይቅ ከዋልኩ የበላሁት አይስማማኝም። መሐንዲሱ ከማድቤቱ በላይ ለእኔ መኝታ ክፍል መሥራት ሲጀምር ግን ጉዳዩ አገባኝ። ክፍሉን የሚሸከሙት አርማታ የተሞሉ አራት የብረት ቱቦዎች ነበሩ። ከሲሚንቶው ቀንሶ በምትኩ ደቃቅ የሸንኮራ አገዳ አመድ ቀላቅሎበታል። ሲሚንቶ ሲመረት ሰማዩን በጭስ ይሞላዋል፣ አመዱ ግን እንዲሁ የሚጣል ነው ብሎ አስረዳኝ። ሐሳቡን ወደድኩት፤ ከበታቼ የሚቀመጠው የጋዝ ሲሊንደር ግን አስጨነቀኝ።

«ያ ባሽሙሃንዲስ፣ ማድቤቱ ቢቃጠልስ? አመድ የገባበት አርማታ ይችለዋል?» አልኩት፤ መሐንዲስን እዚያ በአክብሮት የሚጠሩት እንዲህ ነው።

«እሱን እኔም ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያው አርማታ የተሞሉ ሁለት ቁራጭ ቱቦዎች ተርፈውት ነበር። አርብ ከሰላት በኋላ አንዱን ግቢው ጥግ አቁሞ ድንጋይ ጫነበት፤ ዙሪያውን ከሰል ከምሮ ለኮሰና እኔንና ሐጃን ከግንቡ ጀርባ ወሰደን። ብረቱ እየቀላ ሄደ። ድንገት እንደ መድፍ ጮኸ፤ ቱቦው ተተርትሮ ድንጋዩ ተበተነ።

«እኔ እዚያ ላይ አልተኛም!» አልኩ።

መሐንዲሱ ስብርባሪውን ሲያገላብጥ ቆይቶ እናቱን ቀና ብሎ አያቸው። አርማታው ውስጥ ያለው እርጥበት በእሳት ሲተን መውጫ እንዲያገኝ በየቱቦው ላይና ታች ትንንሽ ቀዳዳ አስበስቶ ነበር። ሐጃ ደግሞ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲመጣ፣ እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ፣ ያገኙትን ቀዳዳ መድፈን ነው ሥራቸው። መስኮቶቹን በጨርቅ ወትፈው ሲያበቁ የቱቦዎቹንም ቀዳዳ፣ የቁራጮቹን ሳይቀር፣ በስቱኮ ደፍነውታል።

«ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ አቧራ ያስገባል» አሉ፣ ትንሽም ሳያፍሩ።

መሐንዲሱ ሁሉንም ቀዳዳ አስከፈተ። በሳምንቱ ሁለተኛውን ቱቦ ለኮሰው። በቀዳዳዎቹ እንፋሎት እያፏጨ ሲወጣ ተንጠራርቼ አየሁ፤ እንዴት ደስ ይል ነበር! ከሰሉ አመድ እስኪሆን ድረስ ቱቦው ጠቆረ፣ ትንሽ አበጠ፤ ድንጋዩን ግን አልጣለም።

«አየሽ? ብረቱ ግሎ ሲለሰልስ አርማታው ሸክሙን ተቀበለው። አሁን እሳት ቢነሳ እንኳ፣ ኢንሻአላህ፣ ወርደሽ የምታመልጪበት ጊዜ አለሽ» አለኝ።

«በየት በኩል?»

እሱ አልገባውም። ሐጃ ግን ገባቸው፤ የመኝታዬን በር ማታ ማታ ከውጭ የሚቆልፉብኝ እሳቸው ናቸው። ወደ አዲሱ ክፍል ለሚያወጣው ደረጃ በርም ቁልፍ ገዝተዋል። የማውቃቸው የቤት ሠራተኞች ብዙዎቹ እንዲህ ነበር የሚያድሩት፤ እኔም አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ ንዴት ነበር።

ሐጃ የተከናነቡትን ነጠላ መሳይ ቶብ ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የአዲሱን በር ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ኸላስ፣ በቃ ልጄ» አሉኝ። «ከውስጥ ቆልፊው።»