የሕልቃና ቦት ጫማ

ዶርካስ ፕለመር የምታውቃቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ልዑላንና ስለ ግንብ ቤት የሚያወሩ ነበሩ። ስለ ድሃ ወጥ ቤት የሚጽፍ ሰው አለ ቢሏት በሳቅ ትሞት ነበር። ያጠፋትም ይኸው ነው።

አንድ በጋ ሚስ ሎሪንግ የምትባል ጸሐፊ ከቦስተን መጥታ፣ ሜይን በሚባለው አገር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው የዶርካስ ቤት አንድ ክፍል ተከራየች። ዶርካስ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጽፋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድነው የምትሞነጫጭሪው?»

«እርስዎ የሚሉትን ነዋ፣ እንደወረደ።»

«ውይ! የእኔን ቅዠት ማን ሊያነበው? ይልቅ አንዲት ልዕልት ጨምሪበት!»

ሲሳሳቁ ከርመው፣ ዶርካስ አሥራ አንድ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችውን አወጣችው። የታናሽ እህቷ የአክሳ ባል ሕልቃና ባሕር በላው ተባለ፤ አስከሬኑ ስላልተገኘ ቤት የቀረው ቦት ጫማው በሳጥን ተቀበረ። ሰውየው ግን ካሊፎርኒያ ሌላ ሚስት አግብቷል። ይህን ተናዞ የጻፈውን ደብዳቤ ዶርካስ፣ አክሳ ሳታየው፣ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ምስኪን አክሳ ጥቁሯን ለብሳ በየእሑዱ ለጫማ አበባ ታስቀምጣለች።

በሚያዝያ የሚስ ሎሪንግ ጽሑፍ የወጣበት መጽሔት መጣ። ሴቶቹ ብርድ ልብስ ሊሰፉ በተሰበሰቡበት የሰባኪው ሚስት ጮክ ብላ አነበበችው። ስሙ ሁሉ ተቀይሯል።

«አቤት! አነጋገሯ ቁርጥ ዶርካስ!» ብለው ተንከተከቱ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው አክሳ ነበረች። ንባቡ ቦት ጫማውና ደብዳቤው ጋ ሲደርስ አክሳ መርፌዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ደብዳቤ መጥቶ ነበር?» አለች አክሳ።

ዶርካስ «ልብወለድ እኮ ነው» ማለት ትችል ነበር። ዳግም መዋሸት ግን አልሆነላትም።

«እንዳትጎጂ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ለቆዳ አስለቀስሽኝ!»

ቦስተን ውስጥ ግን «ሕይወትን እንዳለች የጻፈች» እየተባለ ሚስ ሎሪንግ ትወደሳለች። እውነት ደግ ነገር ነው ይላሉ፤ ከሩቅ ለሚያነበው መሆኑ ነው።

በዶርካስ አገር ሰው የሚገባው በወጥ ቤት በኩል ነው፤ የፊት በር የሚከፈተው ለሰርግና ለቀብር ብቻ ነው። አክሳ በንባቡ ማግስት መቃብሩን ቆፍራ፣ የሻገተውን ቦት ጫማ የዶርካስ የፊት በር ላይ አስቀመጠችው። ዶርካስ ማንም ሳያስረዳት ገባት፤ ለእህቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞታለች።

ዶርካስ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በወጥ ቤቱ በር ስትገባ ስትወጣ ኖረች። የፊት በሩ የተከፈተው ሬሳዋ ሲወጣ ነው። አክሳ ያን ቀን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር።