ጋሽ ክብረት ያስቀመጡብኝ ዓሦች

ጋሽ ክብረትን አልወዳቸውም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሳዝንላቸው ያየ ሰው ወዳጃቸው ነበረች እንዳይለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፓርክላንድስ ሰፈር ወዳለው ሱቄ ሲመላለሱ አንድ ቀን ደህና ዋልሽ ብለውኝ አያውቁም። ገብተው የዓሦቹን መስታወቶች አንድ በአንድ ያያሉ፤ ከዚያ ደንበኛዬ ፊት ይጀምራሉ።

«ይሄን ቢጫ ከዚያ ሰማያዊ ጋር ሸጠሽለታል? እስከ ዓርብ ጭራ አይኖረውም።»

ደንበኛው የያዘውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ይወጣል። ስንቱን እንዲህ አባረውብኛል።

የምሸጠው ሲክሊድ የሚባለውን ዓሣ ነው። መልኩ ሲያዩት ያስደስታል፣ ጠባዩ ግን የክፉ ጎረቤት ነው፤ ድንጋይ ሥር አንድ ጉድጓድ ከያዘ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል። ሰው ደግሞ የሚፈልገው ሁሉንም ቀለም በአንድ አኳሪየም ነው። ባሌ ሱሀይብ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዘዴውን አስተምሮኝ ነው የሞተው። አዲስ ዓሣ ከማስገባትሽ በፊት ድንጋዮቹን በሙሉ አንስተሽ ቦታ ታቀያይሪያለሽ። ያን ጊዜ የቤት ባለቤት የሚባል የለም፤ ሁሉም እንግዳ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ሰባት ዓይነት ዓሣ መግቢያው ላይ ባለው አኳሪየም አብሮ ይኖርልኛል። ጋሽ ክብረት «እስር ቤት» ይሉታል።

እሳቸው ሩንዳ የሚባለው የሀብታም ሰፈር ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች ሃያ ዓመት ሾፌር ነበሩ። አሁን ሁርሊንግሃም አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስት የላቸውም፤ ማን ይችላቸዋል። የመጨረሻዎቹ አሠሪዎቻቸው አገራቸው ሲገቡ ሁለት አኳሪየም ትተውላቸው ሄዱ። በሁለቱም ውስጥ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የወጡ፣ የሐይቁ ዳር ሰዎች ሉዎዎች ፉሉ የሚሏቸው ትንንሽ ሲክሊዶች ነበሩ፤ በአንዱ ቀዩ ዓይነት፣ በሌላው ሰማያዊው። ቀዩ ከሐይቁ ከጠፋ ቆይቷል። ጋሽ ክብረት አደራ ተቀበልኩ ብለው አሥራ አራት ዓመት ዘሩን ሳይቀላቅሉ አቆዩት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ቀይና ሰማያዊ የሆኑት ወንዶቹ ናቸው፤ እነሱን ሕፃንም ይለያቸዋል። ሴቶቹ ግን የሁለቱም አመድማ ናቸው። ጋሽ ክብረት ራሳቸው እንኳ አይለዩዋቸውም። የቷ የየትኛው ዘር እንደሆነች የሚታወቀው በምትኖርበት አኳሪየም ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት ከሐይቁ ዳር ከተማ ከኪሱሙ አንድ ተመራማሪ ቀዩን ወስደው በኩሬ ሊያራቡትና ወደ ሐይቁ ሊመልሱት ተስማሙ፤ ዘሩ ንጹሕ ከሆነ ብቻ። ሐሙስ ሊመጡ ቀጠሮ ተያዘ። ሰኞ ዕለት የጋሽ ክብረት አከራይ ሕንፃውን በሙሉ የተባይ መድኃኒት እንደሚያስረጭ አስታወቀ። መድኃኒቱ ዓሣ ይፈጃል። ሌላ መሄጃ አጥተው እኔ ዘንድ መጡ።

ባዶ የነበረኝ አንድ አኳሪየም ነው። መሃሉን በመስታወት ከፍለን ቀዩን ከነሴቶቹ በቀኝ፣ ሰማያዊውን ከነሴቶቹ በግራ አስገባን። የመስታወቱን ጠርዝ በጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት።

«አደራ» አሉኝ።

«ዓሣ መጠበቅ ሊያስተምሩኝ ነው?»

«አንቺ የመቀላቀል ሱስ አለብሽ።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስቲማ፣ መብራት ማለት ነው፣ ሄደ። የሕንፃው ጄኔሬተር ተበላሽቷል አሉን። ያለኝ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ አንድ ብቻ ነው። የራሴን ዓሦች ትቼ ቱቦውን ለእሳቸው ዓሦች ሰጠሁ፤ በቀኝ፣ ቀዩ ዘንድ። እኩለ ቀን ላይ በግራ ያሉት ውሃው አናት ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ለጋሽ ክብረት ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። አየሩ ለግራዎቹም እንዲደርስ መሃል ያለውን መስታወት አነሳሁት። እውነቱን ልናገር፣ እልህም ነበረብኝ፤ ትንሽ ቢቀላቀሉ ሰማይ አይደፋም ብያለሁ። ሴቶቹ ትዝ ያሉኝ መስታወቱን ግድግዳ ላይ ካስደገፍኩ በኋላ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ስቲማ መጣ። ወንዶቹን በቀለማቸው ቶሎ ለየኋቸው። ከሴቶቹ መጀመሪያ በቀኝ ስምንት፣ በግራ ሰባት ነበሩ። የቷ የየት እንደሆነች ሳላውቅ ዝም ብዬ ስምንት ወደ ቀኝ፣ ሰባት ወደ ግራ አደረግኩና መስታወቱን መለስኩት። ያየኝ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ባልዲ ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው ቆጠሩ።

«ስቲማ ሄዶ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጌታ ይባርክሽ፣ ሰአዳ። ካንቺ ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

ቢሰድቡኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። ወላሂ፣ ዝም እል ነበር። ምስጋናቸውን ግን መሸከም አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ባልዲዎቹን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«የግራዎቹ ይሙቱ ነበራ።»

«ዓይኔ እያየ?»

«ዓይንሽ እያየ።» ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ግድግዳውን አዩ። «ያ የተሰቀለው ምንድነው?»

ዞር አልኩ። «አንዱን የአየር ቱቦ ለሁለት የሚከፍል ፕላስቲክ ነው።»

«ስንት አለሽ?»

«አንድ ካርቶን።»

ማክሰኞ አንዱን ብሰካ ኖሮ ያው አንድ ፓምፕ መስታወቱ ሳይነሳ ለሁለቱም ወገን ይበቃ ነበር። አደራ በላ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያን ጊዜ እኔም የምመልሰው አይጠፋኝም ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አኳሪየሙ ፊት ተንበረከኩና አሥራ አምስቱን ሴቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሁለት ደንበኞች መጥተው ሄዱ፤ አልተናገሯቸውም። እኔ ቆሜ የእሳቸውን ማጅራት አያለሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም፤ እሳቸውንም ይቅርታ የሚባል ነገር ስለማያውቁ ጠላኋቸው።

በመጨረሻ ተነስተው ስልካቸውን አወጡ።

«ዳክታሪ፣ ኬሾ ኡሲጄ» አሉ። ነገ እንዳይመጡ። ተመራማሪው ምክንያቱን ሳይጠይቋቸው አልቀሩም። «ሀኩና ቴና» አሉ፤ ከእንግዲህ የለም፤ ስልኩንም ዘጉት።

መረቡን አንስቼ ሁለቱን ባልዲዎች አቀረብኩ። አንዱን በእግራቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«በአንዱ ክተቻቸው።»

«ሁሉንም?»

«እንግዲህ ምን ልዩነት አለው?»

ሁሉንም በአንዱ ከተትኳቸው።