ላጲሱን የበላነው ቀን

ሥነ ጥበብ ልማር ጅማ ስገባ አባቴ የፈቀደልኝ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነበር። "አንድ ሴሚስተር ተማሪና አየዋለሁ" አለኝ። አባቴ አጋሮ የሚኖር፣ ዕድሜውን በሙሉ ቡና የጫነ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። ክርክሩም አጭር ነበር።

"የመኪናዬ ፓራፋንጎ ላይ አንበሳ የሳለው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። ጠፋ። ሥዕል እንዲህ ነው።"

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ተከራከሩ! እሱ የፈለገው ፋርማሲ እንድማር ነበር። ቤታችን አጠገብ አንድ ኮሌጅ ተከፍቷል፤ ነጭ ጋውን ይለበሳል፤ ማታ ማታም ቤቴ እገባለሁ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። ከማን እንደወረስኩት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ከአባቴ በስተቀር። ፍራሼን በገመድ ጠፍሮ አይሱዙው ላይ ጫነና ጅማ አራገፈኝ። ገመዱን ጠቅልሎ ወንበሩ ሥር ሲከት "ይሄ እዚህ ይቀመጥ፣ በቅርቡ እንፈልገዋለን" አለ።

ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ቤት ተከራየን። የሊሙ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ቀለም የሚባል ነገር አያሳይም። ከሰል ብቻ ነው፤ ጠዋት ከሰል፣ ከሰዓት ከሰል። አፍንጫችንን ባከክን ቁጥር ጺም እናበቅላለን። አከራያችን በር ላይ እየጠበቁ "ልጆቼ፣ ለመሆኑ የምትውሉት ኮሌጅ ነው ወይስ ከሰል ተራ?" ይሉናል። የሥነ ጥበብ ታሪክ የምንማረው በፕሮጀክተር ነው፤ መብራት ሲጠፋ መምህሩ ሥዕሉን በእጁ አየር ላይ እየሳለ ያስረዳናል። የምንሥለውም ጀሪካን፣ ጡብና የተገለበጠ በርጩማ ነው። አንድ ቀን የንድፍ መምህራችን ሙዝ ደርድሮልን ወጣ አለ፤ ሲመለስ የጠበቀው ልጣጩ ነበር። አልተቆጣም። "በሉ እንግዲህ ልጣጩን ሣሉ" አለን። ከሙዝ ይልቅ ልጣጭ እንደሚከብድ ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያው ዝም ብሎ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፌ የምነሳው እየቸኮልኩ ነው።

ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ግን የዳቦው ነገር ነው። ከሰልን ተራ ላጲስ አያጠፋውም፤ ወረቀቱን ያበላሸዋል። የሚያጠፋው ዳቦ ነው። የዳቦውን ለስላሳ ውስጡን ጠቅለል አድርገው ጥቁሩ ላይ ጫን ሲያደርጉት ከሰሉን ይዞት ይነሳል። ስለዚህ በየተራ ዳቦ ገዝተን እንገባለን። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪ ፊት ትኩስ ዳቦ አስቀምጦ "ይህ የትምህርት መሣሪያ ነው" ማለት ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ሕጋችን ግን ጥብቅ ነበር፤ ሥዕሉ ሳያልቅ ላጲስ አይበላም።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ከጀሪካን ወደ ሰው ተሸጋገርን። መምህራችን ቦሳ አዲስ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ አነጋግሮ ነበር። "ነገ የሚመጡት አባባ ፊታቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ ይህን ሥዕል ያልሠራ ሴሚስተሩን አያልፍም" አለን።

በማግስቱ የዳቦ ተራው የእኔ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነበረው፤ ባጃጅም እንደልብ አልተገኘም። ኮሌጁ በር ላይ ስደርስ ረፍዷል። ከበሩ ማዶ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ፓራፋንጎው ላይ አንበሳ አለ። አንበሳው ትንሽ ድመት ድመት ይላል፤ ስለዚህ መሳሳት አይቻልም። በጋቢናው መስኮት አጮልቄ አየሁ። ገመዱ ከወንበሩ ሥር ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ፍራሼን ሊጭን ነው የመጣው።

የበሩ ጥበቃ ግን በጠዋቱ ፊቱ በርቷል። "አካም ቡልቴ! የምትሥሏቸው አባባ እኮ መጡ፤ እኔው ነኝ ክፍል ድረስ ያደረስኳቸው" አለኝ። ሽማግሌው መጥተዋል፤ አባቴ ደግሞ ጊንጆ ሄዶ ፍራሼን እየጠቀለለ ይሆናል አልኩ። እያለከለክሁ የክፍሉን በር ገፋሁት።

መሐል ክፍል፣ መድረኩ ላይ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አባቴ ነው። ኮፍያውን አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብሏል። ዙሪያውን የክፍሌ ልጆች በሙሉ አንገታቸውን አቀርቅረው ከሰላቸውን ይፍቃሉ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ጥበቃውን "ሥዕል የሚማሩበትን አሳየኝ" ብሎት ነው። መምህራችንም ገና ሲያየው "እንኳን ደህና መጡ አባባ፤ ስንጠብቅዎ ነበር" ብሎ ጨበጠውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። አባቴ ለካ እንደምመጣ ያውቃሉ ብሎ ተገረመ። እንግዳን መሐል አስቀምጦ ዙሪያውን ከብቦ ማየት የዚህ ቤት ወግ ይሆናል ብሎም ኮፍያውን አስተካከለ። "እንዳይንቀሳቀሱ" ሲሉት አልተንቀሳቀሰም። ሰው በክብር ያስቀመጠውን ወንበር ጥሎ መነሳት ለእሱ ነውር ነው፤ ይሉኝታው ከወንበሩ ጋር አሰረው።

"ዳቦውን አስቀምጪና ቦታሽን ያዢ" አለኝ መምህሬ። ዳቦ የሚቀመጥበት ባዶ ጠረጴዛ ከአባቴ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ስጠጋ አባቴ ፊቱ ፈካ አለ። ለእንግዳው ምግብ እንዳቀርብ እኔ፣ የገዛ ልጁ፣ የተመረጥኩ መሰለው። እጁን ዘርግቶ ዳቦውን ተቀበለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። "ጌታ ይባርካችሁ ልጆቼ። እንብላ!" አለና ቆረሰ።

ማን ደፍሮ ይናገር? አባቴ ደግሞ ብቻውን በልቶ አያውቅም። እየቆረሰ ለአንዱ፣ ለሌላዋ፣ በመጨረሻም ለመምህራችን አደለ። መምህራችን ቁራሹን ይዞ አንዴ እኛን አንዴ አባቴን አየ፤ እንግዳ የቆረሰውን እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ በላ። ሁላችንም በላን። የሊሙዋ ልጅ ሳቋን በዳቦ ልትወትፍ ስትሞክር ትን አላት።

"አባቴ ነው" አልኳት በጆሮዋ።

"ወላሂ?" አለችና እንደገና ትን አላት።

"ፍራሼን ሊጭን ነው የመጣው።"

ሳቋ ቆመ። "ታዲያ ለመምህሩ ንገሪው እንጂ!"

አልነገርኩም። ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ፍራሼ ቦታው ላይ ነው።

"እንግዲህ ላጲስ የለም" አለ መምህራችን ፍርፋሪውን ከሹራቡ እያራገፈ። "የተሠመረ ተሠመረ። አስባችሁ ሣሉ።"

ከፊት ያለው ቦታ ሁሉ ተይዟል። የቀረኝ ከአባቴ ጀርባ ያለው ጥግ ነው። ቆምኩና ከሰሌን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ ጎህ ሳይቀድ ሲወጣ በመስኮት የማየው ጀርባውን ነበር። የመኪናው መስኮት ላይ ክንዱን ደግፎ ስለኖረ ግራ ትከሻው ከቀኙ ከፍ ይላል። እናቴ ገልብጣ የሰፋችለትን ኮሌታ፣ የማጅራቱን እጥፋት፣ ሁሉንም ሣልኩት። ብሳሳትም የማጠፋበት አልነበረኝም።

ልንጨርስ ስንል በሩ ተንኳኳ። አንድ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ይቅርታ ልጆች፣ ለቅሶ ደርሼ ነው የዘገየሁት። የምቀመጠው የት ላይ ነው?" አሉ።

መምህራችን ወደ አባቴ ዞረ። "እና... እርስዎ ማን ነዎት?"

"የዚህች ልጅ አባት ነኛ!" አለ አባቴ። "አታውቁኝም ነበር እንዴ? ታዲያ ያ ሁሉ ክብር ለማን ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን እንደ በርበሬ ቀልቶ ይቅርታ ሲለምን አባቴ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዳቦው ላጲስ እንደሆነ ሲሰማ "እኔማ ጨው አነሰው እንጂ ጥሩ ነው ብዬ ነበር" አለ። ከዚያ ተነስቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መጎብኘት ጀመረ። አንዱ ጋ ቆሞ "ልጄ፣ ይህን አፍንጫ ይዤ ኬላ አላልፍም" አለው።

የእኔ ጋ ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው። ፊት ስለሌለው ተቀየመ ብዬ "ዘግይቼ ቦታ አጥቼ ነው አባዬ" አልኩ።

"ይሄ እኔ አይደለሁም" አለ ቀስ ብሎ። "አባቴ ነው።"

አያቴ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ አጋሮ የቀረ ሰው ነው። እኔ ሳልወለድ ሞተ፤ አንድም ፎቶ የለውም። አባቴ ጣቱን ወደ ትከሻው መስመር አስጠጋና ሳይነካው መለሰው። "ልወስደው እችላለሁ?" ብሎ መምህሬን ጠየቀ። ማርክ ካልተሞላበት አይወጣም ተባለ። "ይሞላ፤ እጠብቃለሁ" አለ።

ማርኩ ተሞልቶ ሥዕሉን እንደያዘ እስከ መኪናው ሸኘሁት። ጋቢናውን ከፈተ፤ ገመዱን አነሳ። ጠቅልሎ ወንበሩ ሥር ወረወረው።

"ፍራሹስ?" አልኩ፤ ምላሴን የሚይዝልኝ አጥቼ።

"የምን ፍራሽ?" አለና ሞተሩን አስነሳ።

በሚቀጥለው ሳምንት የአጋሮ ሚኒባስ ሾፌር ደውሎ ዕቃ እንድቀበል ጠራኝ። እናቴ የጋገረችው ሁለት ዳቦ ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

"አባትሽ መልእክት አላቸው" አለ ሾፌሩ እየሳቀ። "ትልቁ ለመብል ነው። ትንሹን ግን እንዳትነኩት፤ ስመጣ ፊቴን ነው የምትሥይው፣ አፍንጫዬን አደራ ብለዋል።"